ዘይት የጠጣ ሽጉጥ፦ የስድስት ወር የጽዳት ማስታወሻ

ማርች 9፣ 2025

ትናንት አፈርኩ።

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ መሣሪያ ታጥቆ የሚሠራ ሴኩሪቲ በየዓመቱ የተኩስ ፈተና አለበት። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ፈተናው እንቅልፍ አይነሳኝም። ትናንት ግን ሦስተኛው ካዝና (ጥይቶቹ የሚደረደሩበት ሣጥን) ላይ ቃታውን ሳብኩ፣ ጠቅ አለ፣ ከዚያ ዝም። ደንቡ እንደሚለው አፈሙዙን ከዒላማው ሳላነሳ ሠላሳ ሰከንድ ጠበቅኩ፤ አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ይፈነዳልና። አልፈነዳም። አውጥቼ ቀጠልኩ። ሰባት ጥይት ያህል እንደተኮስኩ ደግሞ ጠቅ።

አሠልጣኙ ሁለቱን ጥይቶች አንስቶ ከኋላቸው አሳየኝ። ጥይቱን ከኋላ መትቶ የሚያስነሳው መርፌ ነክቷቸዋል። ግን ምቱ የሰነፍ ምት ነው፤ በጥፍር የተጫረ ይመስላል። ሽጉጡን ባዶ አድርጎ ፈታው። መርፌው የሚመላለስበት ቀዳዳ ውስጥ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ዘይት ነው፤ ከባሩድ ጥላሸትና ከልብስ ብናኝ ጋር የተለወሰ።

«በስንት ጊዜው ነው ዘይት የምትቀባው?»

«በየሳምንቱ» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«ምን ያህል?»

«እስኪበቃው።»

ሳቀና «ሽጉጥ እኮ ነው፣ ሰላጣ አይደለም» አለኝ።

እስከ ትናንት ድረስ የምፈራው አለማጽዳትን ነበር። ሲበዛም ይጎዳል ብሎ የነገረኝ የለም። ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ዶላር ደብተር ገዛሁ። የተኮስኩት ጥይት፣ ያጸዳሁበት ቀን፣ የጠብታው ቁጥር፣ ስከፍተው ያየሁት ነገር፣ ሁሉም ይጻፋል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሽጉጥ በስንት ጊዜ ነው የሚጸዳው? ቁርጡን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ያሉኝ ሁለት ሽጉጦች ናቸው፤ ሁለቱም የግሎክ ፋብሪካ ሥሪት። ለሥራ የምታጠቀው ግሎክ 19፣ አምስተኛው ትውልድ፣ 15 ጥይት የሚይዝ። ሁለተኛው ያገለገለ ግሎክ 17፣ ሦስተኛው ትውልድ፣ ለልምምድ ብቻ የገዛሁት። በሥራው ሽጉጥ ሙከራ አልሠራም፤ እንጀራዬም ነፍሴም ያለችው እሱ ላይ ነው። ፍዳውን የሚያየው ግሎክ 17 ይሆናል።

የፋብሪካውን መመሪያም ከካርቶኑ ሥር ፈልጌ አወጣሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከፍቼው አላውቅም። የሚለው አጭር ነው፦ አዲስ ሲሆን ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት፣ ከተተኮሰበት በኋላ ሁልጊዜ፣ ባይተኮስበትም ቢያንስ በወር አንዴ፣ ዝናብ ወይም ላብ ወይም አቧራ ካገኘው ደግሞ እንዳስፈላጊነቱ። «በየሳምንቱ እስኪበቃው» የሚል መስመር የለም።

ማርች 15

ዛሬ መነሻ የሚሆን ሙሉ ጽዳት። ሁለቱንም።

መጀመሪያ ጥይቱ። ካዝናው ይወጣል። ቀጥሎ ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት፣ እኛ ስላይድ የምንለው፣ ወደ ኋላ ይሳባል፤ የጎረሰው ጥይት ይወድቃል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጉድ ነው። ስላይዱን ቀድመህ ከሳብክ ካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሰዋል። ከዚያ ካዝናውን ታወጣና ባዶ ነው ብለህ ታምናለህ። እኔ በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያ በትንሿ ጣቴ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ እዳስሳለሁ፣ ከዚያ እንደገና አያለሁ። ጥይት በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። ማጽጃው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ጥይት እንኳ አትቀመጥም።

ግሎክ ላይ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ መሆን አለበት። ለመፍታት ቃታውን መሳብ ግድ ነው፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። «ሲያጸዳ ባረቀበት» የሚባለው ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሽጉጡ በራሱ አልባረቀም፤ ባለቤቱ ሳያይ ቃታ ስቧል። ስለዚህ ቃታውን የምስበው ጥይት ሊያልፈው ወደማይችል አቅጣጫ አዙሬ ነው። የኔ ቤት ግድግዳ ከወረቀት አይሻልም። የምጠቀመው ጋራዡ ውስጥ ያለውን በአሸዋ የተሞላ ባልዲ ነው።

ሲፈታ አራት ነገር ይሆናል፦ ስላይዱ፣ በርሜሉ፣ ሞላው፣ እጀታው ያለበት ፕላስቲክ አካል። ከዚህ በላይ አልፈታም። የመርፌውን ክፍል ያን ቀን አሠልጣኙ አጽድቶልኛል።

በርሜሉን ጥይት ከሚጎርስበት በኩል ወደ አፈሙዙ በብሩሽ አሻለሁ። የማሟሟው በሆፕስ ቁጥር 9 ነው፤ ከ1903 ጀምሮ ያለ ፈሳሽ። ሽታው ሙዝ ሙዝ ይለኛል። አንዳንዱ ሰው ናፍቆት ይቀሰቅስብኛል ይላል፤ ባለቤቴን የሚቀሰቅስባት ራስ ምታት ነው። ጨርቁ ጥቁር፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጭ እስኪሆን ስድስት ጨርቅ ፈጀብኝ።

ስላይዱን ከውስጥ ሳጸዳ አፍንጫውን ወደ ታች እይዘዋለሁ። ፈሳሹ ወደ መርፌው ቀዳዳ እንዳይገባ ነው። ድሮ እንዴት እይዘው ነበር? ወደ ላይ። ጭቃው የመጣበት መንገድ አሁን ገባኝ።

ዘይቱ፦ በርሜሉን ከውጭ ዘይት በነካ ጨርቅ አበስኩት። ስላይዱ ውስጥ ግራና ቀኝ ባሉት ቦዮች አንዳንድ ጠብታ። በርሜሉ ከስላይዱ ጋር የሚፋተግበት አናት ላይ አንድ። አንዷ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምታስፈልገዋ ናት። ከቃታው የሚመጣው ብረት ከኋላ ካለችው ትንሽ ማገናኛ ጋር በሚነካካበት ጥግ ላይ አንድ ጠብታ። እዚያ ጥግ ደረቅ ከሆነ ቃታው ይከብዳል፣ ብረቱም ይበላል። በጠቅላላው አራት ጠብታ። ድሮ አርባ ሳይሆን አይቀርም።

ደረቅ ሆነው የሚቀሩ፦ የመርፌው ቀዳዳ፣ የጥይቱን ቂጥ የሚቀበለው የስላይድ ግንባር፣ የበርሜሉ ውስጥ፣ የካዝናው ውስጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ግሎክ ስትገዛ ስላይዱ ውስጥ መዳብ መልክ ያለው ግራሶ ታያለህ። ፋብሪካው ያደረገው ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን ክፍሎቹ እስኪላመዱ ይረዳል። አትጥረገው ይላሉ። እኔ ያኔ ቆሻሻ መስሎኝ በቤንዚን ጠርጌዋለሁ። በቤንዚን! አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ማርች 16

ባለቤቴ ትናንት ጽዳቱን የጀመርኩት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን አወቀች። ጋዜጣ አንጥፌ ነበር። አልጠቀመኝም። «እንጀራ በምንቆርስበት?» አለች። ለካ ልክ ናት፤ እሷ ካሰበችውም በላይ።

የዘመኑ ጥይት አብዛኛው ማቀጣጠያው ውስጥ የእርሳስ ውሁድ አለው። ሲተኮስ ጢሱና ጥላሸቱ እርሳስ ይዞ ይወጣል። ሽጉጡን የምናብስበት ጨርቅ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ይኸው ነው። እርሳስ ለትልቅ ሰውም አይበጅም፤ ለሕፃን አእምሮ ደግሞ መርዝ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አለችን፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው። ስለዚህ አዲስ ሕግ፦ ጽዳት ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በጓንት። ሲያልቅ እጅ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና። የተኩስ ልብስ ለብቻው ይታጠባል። ጋራዥ ውስጥ ቡና አይጠጣም። የመጨረሻዋ ሕግ ከበደችኝ።

ኤፕሪል 6

ሦስት ሳምንት። በሥራው ሽጉጥ አንድ ጥይት አልተኮስኩም። ንጹሕ ይሆናል ብዬ ፈታሁት።

ብናኝ! ከማነጣጠሪያው ሥር፣ ከቃታው ጀርባ፣ ስላይዱ ከእጀታው ጋር በሚጋጠምበት መስመር፣ በየቦታው ግራጫ ብናኝ። የሹራቤ ክር ነው። ዘይቱ ያለበት ቦታ ላይ ተለጥፎ ፀጉር የያዘ ሳሙና መስሏል። በርሜሉ አፍ ላይ እንኳ አለ። ከዘይቱ ደግሞ ግማሹ የለም። ገሚሱ ሽጉጡን ወገቤ ላይ ወደምይዝበት ማህደር፣ ገሚሱ ወደ ሸሚዜ ሄዷል።

ደብተሩ የሰጠኝ የመጀመሪያ ትምህርት ይኼ ነው። «ካልተኮስክበት አይቆሽሽም» ያሉኝ ሁሉ ወገብ ላይ የሚውል ሽጉጥ አይተው አያውቁም። መሳቢያ ውስጥ የተኛና ወገብ ላይ የዋለ አንድ አይደሉም። በደረቅ ብሩሽ ጠረግኩት፣ ሁለት ጠብታ ጨመርኩ፣ ዘጋሁት። ስምንት ደቂቃ።

ኤፕሪል 12

ልምምድ። ግሎክ 17፣ 150 ጥይት። ሳላጸዳ መለስኩት፤ አራት ጠብታ ዘይት ብቻ። የሙከራው ደንብ ይኼ ነው፦ ዘይት ይጨመራል፣ ጽዳት የለም፣ እስኪያቅተው።

ይህን ለአሠልጣኙ ብነግረው አልደነቀውም። የኮልት ሽጉጥ የአሜሪካን ጦር ፈተና ያለፈበትን ታሪክ አወራኝ። ማርች 1911 ነው። ጆን ብራውኒንግ በነደፈው አንድ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። በየመቶው ጥይት ትንሽ እረፍት፣ በየሺው ጥይት ጽዳትና ዘይት። በጣም ሲግል ውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበር። አንዴም አልከሸፈም ተብሎ ተመዘገበ። ማለት በ1911 እንኳ አንድ ሺህ ጥይት ያለ ጽዳት መሄድ ይቻል ነበር። እኔ በየሳምንቱ ስቀባው የነበረው ሽጉጥ ደግሞ በዓመት 200 ጥይት አይተኩስም።

ኤፕሪል 22

ፋሲካ ትናንት ወዲያ ነበር። አማቼ ለበዓል ከአዲስ አበባ መጥተዋል። የቀድሞው ጦር መኮንን ነበሩ። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ አገኙኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሽጉጥ ነው ወይስ የልጅ መጫወቻ?»

እጀታው ፕላስቲክ መሆኑ አልተዋጠላቸውም። የኦስትሪያ ጦር ይህን ዓይነት ሽጉጥ የተቀበለው በ1982 ነው ብላቸው «እኛ ያኔ ማካሮቭ ነበረን፣ ሙሉ ብረት፣ ስምንት ጥይት፣ ጥፍጥ ያለ» አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ልሰጣቸው ስል ትዝ አለኝ።

በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው በፌዴራል ሕጉ መሠረት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ለአማቼ ይህን መናገር ቀላል አልነበረም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሕጉ እርስዎ እንዲነኩት አይፈቅድም።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ሰልፍ ቃኚ አለቃ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። «በል እንግዲያው አጽዳ፣ እኔ አያለሁ።»

ሃምሳ ደቂቃ ቆሙ። ከመሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ የባሰ ዓይን አላቸው። «እዚያ ጥግ ላይ ቀርቷል።» «ጨርቁን አዙር።» «ዘይቱን አታፍስስ፣ ቀባ።» የመጨረሻዋን ሲሉ ደነገጥኩ። እነ አማቼ በየቀኑ ያጸዱ እንጂ ዘይት አላጠጡም ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ውሃው ነው። ከተኩስ በኋላ መጀመሪያ የፈላ ውሃ በበርሜሉ ያንቆረቁሩ ነበር።

«ለሻይ የተጣደውን ውሃ እንወስዳለን። በአፈሙዙ እናወርዳለን። ከዚያ እናደርቃለን። ዘይት መጨረሻ ነው። ይህን ያላደረገ ወታደር በማግሥቱ ጠመንጃው ውስጥ ሚጥሚጣ ያገኛል።»

ሚጥሚጣ ያሉት ዝገቱን ነው።

«ግን ለምን ውሃ? ውሃ ራሱ አያዝግም?»

«ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ታዘዝን፣ ሠራን።»

ኤፕሪል 24

ለምን የሚለውን አሁን አገኘሁት፤ ለአባባም በቁርስ ሰዓት አስረዳኋቸው። ያኔ የነበረው የምሥራቁ ጎራ ጥይት አብዛኛው ማቀጣጠያው ፖታሲየም ክሎሬት ነበረው። ይህ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይተዋል። ጨው ማለት ነው፤ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው የቅርብ ዘመድ። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ብረት ያዝጋል። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም፤ ላዩ ላይ ተኝቶ ይሸፍነዋል እንጂ። ጨው የሚያሟማው ውሃ ነው። የፈላ ከሆነ ደግሞ ብረቱን ስለሚያግለው ቶሎ ይደርቃል። ታዝዘው የሠሩት ነገር ኬሚስትሪው ልክ ነበር።

እኔ የምተኩሰው አዲስ ፋብሪካ ጥይት ይህ ጨው የለውም። እርሳስ አለው እንጂ አያዝግም። ስለዚህ ተኩሼ በዚያው ምሽት ባላጸዳ በርሜሌ በማግሥቱ አይበላም። «ከተኩስ በኋላ በዚያው ቀን» የሚለው ጥብቅ ልማድ ከጨው ዘመን የወረስነው ነው። ርካሽ የድሮ ጥይት ገዝቶ የሚተኩስ ሰው ግን አሁንም የአማቼን ሕግ መከተል አለበት። በዚያው ቀን፣ ውሃ መጀመሪያ።

አባባ አዳምጠው ሲጨርሱ «እንግዲህ ለአርባ ዓመት ጨው ነበር ስናጥብ የኖርነው» አሉና ጨጨብሳቸውን ቀጠሉ።

ሜይ 10

ግሎክ 17፣ ተጨማሪ 200። ድምር 350። ምንም። አካሉ ውስጡ ጥቁር ነው። ይተኩሳል።

ጁን 14

ሙቀቱ ጀመረ። የቨርጂኒያ በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቤት ሳትወጣ ሸሚዝህ ይለጠፋል። የፈረቃ ሥራዬ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ ጣሪያ አለው፣ ነፋስ የለውም።

ዛሬ በሥራው ሽጉጥ ጎን ላይ ብርቱካናማ ነጥብ አየሁ። ስላይዱ ላይ አይደለም፤ የስላይዱ ብረት ታክሞ የወጣ ስለሆነ በቀላሉ አይዝግም። ነጥቡ ያለው ስላይዱን ከኋላ አቁማ የምትይዘው ቀጭን ብረት ላይ ነው፣ ወደ ሰውነቴ በሚዞረው ጎን። ላብ! ላብም ጨው ነው። አባባ ቢሰሙ ይስቃሉ።

ዘይት በነካ ጨርቅ ሳሸው ለቀቀ። ብቆይ ግን ብረቱን ይበላው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር ከፈረቃ ስመለስ ሽጉጡ ከውጭ ይታበሳል። ሳልፈታ። አንድ ደቂቃ።

ማህደሩንም አየሁት። የቆዳው ማህደር ውስጡ እርጥብ ነው። ቆዳ ላብ ይጠጣል፣ ቀስ እያለ ለብረቱ ይመልሳል። ማታ ሽጉጡ ማህደር ውስጥ አይደርም፤ የሚያድረው ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ነው፣ ከአንዲት እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር። ሣጥኑ ለዝገት ብቻ አይደለም። ትንሿ ልጄ መሳቢያ መክፈት ከተማረች ቆይታለች።

ጁላይ 5

የማላውቀውን ነገር ዛሬ በአጋጣሚ አገኘሁ። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ይህ ይበልጣል መሰለኝ።

ሽጉጡን ባዶ አድርጌ ጥይቶቹን ስደረድር አንዷ አጠረችብኝ። ከጎረቤቷ ጋር ሳቆማት በግልጽ ታንሳለች፤ ከፊቷ ያለው እርሳስ ባሩዱ ወዳለበት ቀለሃ ውስጥ ገብቷል። ይህቺ ሁሌ የምትጎርሰው ጥይት ናት። አስቡት፦ ለማጽዳት ባወጣኋት ቁጥር መልሼ አጎርሳታለሁ። በጎረሰች ቁጥር ስላይዱ በኃይል ወደ ፊት ይገፋታል፣ አፍንጫዋ ወደ በርሜሉ በሚያስገባው መወጣጫ ላይ ይጋጫል። በዚያ ግጭት እርሳሱ ትንሽ በትንሽ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ባሩዱ ያለበት ቦታ ሲጠብ ደግሞ ስትተኮስ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት መጀመሪያም ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ ቀልድ አይችልም።

ማለት ያ በየሳምንቱ የማጽዳት አባዜዬ መርፌውን ብቻ አይደለም ያበላሸው። ጥይቴንም ሲቀጠቅጥልኝ ነበር። ጽዳት በነፃ አይደለም፤ ባዶ ባደረግክና ባጎረስክ ቁጥር አንዲት ጥይት ትከፍላለች።

አሁን የማደርገው፦ የጎረሰችውን ጥይት ቂጧ ላይ በቀለም ነጥብ አደርጋለሁ። ሁለት ጊዜ ከጎረሰች ለሥራ አትመለስም። በግልጽ ያጠረችው ደግሞ በልምምድ ቦታም አትተኮስም። ለብልሹ ጥይት የተቀመጠ ሣጥን አለ፤ እዚያ ትገባለች።

ጁላይ 19

ግሎክ 17፣ 300 ጥይት በአንድ ቀን። ድምር 650። አውራ ጣቴ አበጠ። ሽጉጡ ደህና ነው።

ከጎኔ የነበረ ሰው ካዝናው አሸዋ ላይ ወድቆበት በዘይት ሲያጥበው አየሁ። አፌን ያዝኩ፣ ከዚያ አልቻልኩም፣ ነገርኩት። ካዝና ዘይት አይወድም። ዘይቱ አሸዋውን ይዞ ይቀራል፤ ጥይቶቹም ይነካሉ። ፈትቶ በደረቅ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ተቀበለኝ። ሴኩሪቲ ሆኜ የሰው ምክር ስሰጥ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜ የምናገረው «እዚህ ማቆም አይቻልም» ነው።

ኦገስት 16

ግሎክ 17 ዛሬ እጅ ሰጠ።

እዚህ ያልጻፍኩትን ልምምድ ጨምሮ ድምሩ 1,040 ላይ ነው። ግን ጥፋቱ የቆሻሻው አይመስለኝም። ባለፈው ጊዜ ከልምምድ በኋላ ዘይት ሳልጨምር መልሼው ነበር፤ ረሳሁት። ዛሬ ስጀምር ስላይዱ ደርቋል። 40 ጥይት ያህል እንደሄድኩ ስላይዱ ወደ ፊት መጥቶ ሊዘጋ ሲል፣ የጣት ውፍረት የማይሞላ ቀርቶት ቆመ። በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ዘጋ። ከአምስት ጥይት በኋላ ደገመኝ።

ባዶ አደረግኩት፣ ፈታሁት፣ አራት ጠብታ አደረግኩ፣ ገጠምኩት። ጽዳት የለም፤ ያ ሁሉ ጥላሸት እንዳለ ነው። 100 ጥይት ተጨማሪ ተኮስኩ። አንድም አልቆመም።

ይህን ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፍኩት። የቆሸሸ ግን የረጠበ ሽጉጥ ሠራ። የቆሸሸና የደረቀ ቆመ። በጣም የረጠበው የሥራው ሽጉጤ ደግሞ ማርች ላይ ከሸፈ። አንድ ሽጉጥ፣ አንድ በጋ፣ የኔ እጅ፤ ላቦራቶሪ አይደለም። እኔ ግን አምኛለሁ።

ማታ ሙሉ ጽዳት አደረግኩለት። 14 ጨርቅ። በርሜሉ ውስጥ ከመጨረሻው ጨርቅ በኋላም ጥላ ቀረ፤ ማሟሟው ፈስሶበት አደረና በማግሥቱ ወጣ።

ሴፕቴምበር 11

እንቁጣጣሽ። አባባ ከአዲስ አበባ ደወሉ። እንኳን አደረሰህ ከተባባልን በኋላ ሁለተኛው ጥያቄያቸው «ያ የፕላስቲክ ሽጉጥህ እንዴት ነው?» የሚል ነበር። የደረስኩበትን ነገርኳቸው፤ እዚህም እጽፈዋለሁ።

የሥራው ሽጉጥ በወር አንዴ ይፈታል፣ ብናኙ ይጠረጋል፣ አራት ጠብታ ይጨመርለታል። ቀኑን የምይዘው ደመወዝ በገባ ማግሥት ነው፤ ያንን ቀን አልረሳም። በበጋ ከፈረቃ ስመለስ ከውጭ ይታበሳል፤ ይህ ሳይፈታ ስለሆነ ጥይቱን አይጎዳም። ከተኮስኩበት፣ 50ም ይሁን 200፣ በዚያው ሳምንት ይጸዳል፤ የታጠቅኩት ሽጉጥ ስለሆነ አላሳድረውም። የልምምዱ በ500 ጥይት አንዴ፤ ዘይቱ ግን ልምምድ በሄድኩ ቁጥር። ዝናብ ከመታው ወይም ከወደቀ ቀን አይጠበቅም። ሣጥን ውስጥ ብቻ የሚተኛ ሽጉጥ ያለው ጓደኛዬ ጠይቆኝ ነበር። በሦስት ወር አንዴ ገልጠህ እየው፣ ዘይቱ ከደረቀ ጨምር አልኩት። መመሪያው በወር ነው የሚለው፤ እሱም ያውቀዋል፣ ግን በሦስት ወርም ካየው ትልቅ ነገር ነው።

አባባ ሰምተው ሲጨርሱ «አራት ጠብታ?» አሉ።

«አራት።»

«እኛ ሦስት ነበር የምናደርገው።»

ሴፕቴምበር 13

ፈተና፣ ድጋሚ ሳይሆን አሠልጣኙ ራሱ ና ያለኝ። 60 ጥይት፣ ግሎክ 19። አንድም አልከሸፈ። አሠልጣኙ ስላይዱን አውልቆ የመርፌውን ቀዳዳ በባትሪ አየ። ደረቅ።

ማታ ጸዳ። 5 ጨርቅ፣ 4 ጠብታ። የጎረሰችው ጥይት ተቀየረች።